የድሮ እና የዘመኑ ሞቶክሮስ ምድቦች፦ በዓመት ይከፈሉ ወይስ ማሽኑ በሚችለው?

ይህን ስለ ሞቶክሮስ፣ ማለትም ጉብታ በበዛበት የአፈር ሜዳ ላይ ስለሚደረግ የሞተርሳይክል እሽቅድምድም፣ የሚናገር ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ከሃያ ስላለፉ፣ አዲስ የሚገቡ አንባቢዎችም ላይኛውን ሳያነቡ የተመለሰ ጥያቄ ደግመው ስለሚያነሱ፣ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ፣ የማንንም ጽሑፍ ሳልገለብጥ፣ በራሴ አገላለጽ ላስቀምጠው። የእኔን ሐሳብም በየቦታው አስገብቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመነሻ ጽሑፌ ያልኩት ይህ ነበር። በአሜሪካ የድሮ ሞተርሳይክሎችን እሽቅድምድም የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ በአጭር ስሙ አርማ፣ ቪንቴጅ የሚለውን የሞቶክሮስ ዘርፍ በ1974 ሞዴል ላይ ይዘጋዋል። ከዓመቱ ጎን ግን ሌላ መስፈርት አለው፤ የጎማ ጉዞ፣ ማለትም ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው ርዝመት፣ ከፊት ከ7 ኢንች፣ ከኋላ ከ4 ኢንች እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በእኔ እምነት በሞቶክሮስ ደንቦች ውስጥ ከዚህ የተሻለ መስመር አልተጻፈም፤ ሞተርሳይክሉ ሜዳ ላይ ምን መሥራት እንደሚችል ይለካልና፣ ለመለካትም ከሜትር በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የኋለኞቹ ዘመናት ሂስቶሪክ፣ ግራን ፕሪ እና አልቲማ ተብለው ይከፈላሉ፤ እነሱም በሞተር መጠን፣ ከዚያም በተወዳዳሪው የችሎታ ደረጃ ይከፋፈላሉ፤ ከዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ ከ40፣ ከ50፣ ከ60 እና ከ70 ዓመት በላይ የሚባሉ የዕድሜ ምድቦች አሉ። በዚህ የተነሳ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ የሚሰለፍባቸው ምድቦች ተፈጥረዋል፤ አንደኛ የመውጣት ክብርም በዚያው መጠን እየሳሳ ነው። ስለዚህ ትናንሾቹ ምድቦች ታጥፈው፣ በዓመትና በሲሲ (በሞተር መጠን) መከፈላቸው ቀርቶ ማሽኑ በሚችለው ቢከፈሉ አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ጥያቄዬ የዘመኑንም ውድድር ይጨምራል።

1ኛውን ምላሽ የሰጡት በወጣትነታቸው እንደተወዳደሩ የገለጹ አንድ አባት ናቸው። በአክብሮት፣ በእርስዎታ ነው የጻፉልኝ። የጎማ ጉዞ መለኪያውን ደገፉ፤ ትናንሽ ምድቦችን ስለ ማጠፍ ያልኩትን ግን አልተቀበሉም። እንግሊዛዊው ጄፍ ስሚዝ በ1964 እና በ1965 የ500 ሲሲን የዓለም ሻምፒዮና በቢኤስኤ ፎር ስትሮክ (ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ በሚያቀጣጥል ሞተር) እንዳሸነፈ፣ በ1966 ግን ምሥራቅ ጀርመናዊው ፓውል ፍሪድሪክስ በቼኩ ሲዜድ ቱ ስትሮክ (በየዙሩ በሚያቀጣጥል ሞተር) ዘውዱን ወስዶ ሦስት ዓመት በተከታታይ እንደያዘው አስታወሱ። የሁለቱም ሞተርሳይክሎች የኋላ ጎማ ጉዞ አጭር ነው፤ በሜትር ከለካናቸው አንድ ምድብ ይገባሉ። ቢኤስኤው ግን በታሪክ የተሸነፈው ክብደቱ ቀላል በሆነው ቱ ስትሮክ ነውና ዛሬም ያው ይደገማል፤ ባለቤቱም ከጋራዡ አያወጣውም። ጠንካራ ክርክር ነው። ለከባዶቹ የድሮ ፎር ስትሮኮች ራሱን የቻለ ፕሪሚየር የሚባል ምድብ መኖሩ ተገቢ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምላሽ በክሩ ውስጥ አልመጣም።

2ኛው ምላሽ ረጅሙ ነው፤ ክሩን ሁሉ የተሸከመው እሱ ስለሆነ እኔም ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው 1974 በዘፈቀደ የተመረጠ ዓመት አለመሆኑን ለማስረዳት ከአንድ ቤልጂየማዊ መሐንዲስ ጀመረ። ሉሲየን ቲልከንስ በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ሾክ አብዞርበሮች አስወግዶ፣ በነዳጅ ታንኩ ሥር የተጋደመ አንድ ረጅም ሾክ ተካ። ያማሃ ሐሳቡን ወሰደ፤ ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰንም በ1973 የ250 ሲሲን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈበት። በማግስቱ ዓመት የጀርመኑ ማይኮ አዲስ ነገር ሳይፈለስፍ፣ ሁለቱን ሾኮች ከቀድሞ ቦታቸው ወደ ፊት አስጠግቶ በማሰር ብቻ የኋላ ጎማውን ጉዞ እጅግ አረዘመው። ከዚያ ወዲያ ሩጫው አልቆመም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኋላ ጎማ ጉዞ ወደ 12 ኢንች ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው አዲስ ሞተርሳይክልም እዚያው 12 አካባቢ ነው። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ4 ወደ 12 ኢንች ተደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት ግን ቁጥሩ ብዙም አልተነቃነቀም።

ጸሐፊው ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ የእኔን ሐሳብ ግማሹን ይደግፋል፣ ግማሹን ያፈርሳል። እስከ 1980 ድረስ የጎማ ጉዞ ማሽኖቹን በትክክል ይለያል፤ ከ1981 በኋላ ግን ሁሉም እኩል ስለሆነ ሜትሩ የሚለየው ነገር የለም። ለኋለኛው ዘመን ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እንዳለው ሞተሩ በነፋስ ነው ወይስ በውሃ የሚቀዘቅዘው፣ ፍሬኑ የታምቡር ነው ወይስ የዲስክ፣ የኋላው ሾክ ከቻሲው ጋር በቀጥታ ነው ወይስ እንደ ሆንዳ ፕሮ ሊንክ እና እንደ ካዋሳኪ ዩኒ ትራክ ባለ ማገናኛ የታሰረው የሚሉት መጠየቅ አለባቸው። እነዚህም ቢሆኑ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

3ኛው ምላሽ አጭር ጥያቄ ነው፤ የሆንዳ ኤልሲኖር 250 ገዝቶ የትኛው ምድብ እንደሚገባ የማያውቅ ወንድም ጻፈው። 4ኛው ሰው ከቪንቴጅ ምድቦች አንዱ በሆነው በስፖርትስማን 250 ውስጥ እንደሚገባ ነገረው፤ ሞዴሉ በ1973 የወጣ በመሆኑና የጎማ ጉዞውም በልኩ ስለሆነ። 5ኛው ደግሞ 4ኛውን በጨዋነት አረመው፤ በሞተርሳይክሉ ላይ የታተመው ዓመት ብቻውን አይወስንም፣ ከ1974 በኋላ ቢመረትም አሠራሩ ካልተለወጠ ይገባል፣ በተቃራኒው የ1973 ቻሲ ላይ የኋለኛ ዘመን ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) የገጠመ ሰው አይገባም አለ። ይህ እርማት ትክክል ነው። ደንቡ ራሱ ከዓመት ይልቅ አሠራርን እንደሚያስቀድም ያሳያል፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

በ6ኛው ምላሽ በፍተሻ ቦታ ያገለገለ አንድ ሰው የጎማ ጉዞ በተግባር እንዴት እንደሚለካ ጻፈ፤ ብዙዎቻችሁ የወደዳችሁትም እሱን ነው። የፊቱን ለማወቅ በፎርኩ አንጸባራቂ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጎ ያስርና ዘይት እንዳይወጣ ከሚከለክለው የላስቲክ ቀለበት አጠገብ ያስቀምጠዋል። ተወዳዳሪው ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ፎርኩ ምን ያህል እንደገባ ይመሰክራል፤ ከሥሩ ያለው ዘንግ ተጠርጎ ሲያበራ ከላዩ አቧራ እንደለበሰ ይቀራል። ለኋላው ሾኮቹ ተፈትተው ሞላቸው ይወጣል፣ መልሰው ይታሰራሉ፣ ከዚያ ጎማው በእጅ ከታች እስከ መጨረሻው ይነሳና በመሽከርከሪያው ዘንግ ላይ ሜትር ይያዛል። በዚህ መንገድ አንድ ወዳጁ በሾክ ለውጥ የተነሳ ከ5 ኢንች በላይ ተገኝቶበት ወደ ሂስቶሪክ ምድብ እንዲዛወር እንደወሰነ፣ ወዳጁም ለአንድ ወቅት እንዳኮረፈው ጽፏል።

7ኛው ምላሽ ወደ እንግሊዝ ወሰደን። በዚያ የሚሠራባቸው መጠሪያዎች ከ65 (ከ1965) በፊት፣ ትዊንሾክ እና ኢቮ ናቸው። ትዊንሾክ ማለት ሁለት የኋላ ሾክ ያለው ማለት ነው። ኢቮ ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣ አከፋፈል ሲሆን ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ የታምቡር ፍሬን፣ እና ማገናኛ የሌለው የኋላ ሾክ። ጸሐፊዋ፣ እኅታችን መሆኗን ከአጻጻፏ ተረድቻለሁ፣ ኢቮን ከሁሉም የሚበልጥ ምድብ ትለዋለች፤ ማንም ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ይችላልና። በትዊንሾክ ግን ቅሬታ አላት። በ1975 ለገበያ የቀረበው የያማሃ ሞኖሾክ አንድ ሾክ ስላለው ብቻ ከትዊንሾክ ይወጣና በዕድሜ ከሚያንሱት፣ በጉልበት ከሚበልጡት የ1980ዎቹ ማሽኖች ጋር ይሰለፋል፤ ከእሱ ስድስት ዓመት የሚያንሰው የ1981 ማይኮ 490 ግን ሁለት ሾክ ስላለው በትዊንሾክ ይቀመጣል።

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። 8ኛውን ምላሽ የጻፈው ሰው ያንኑ ማይኮ 490 ያለው ሰው ነው። ማይኮው ያሸነፈው በጥሩ አሠራሩ እንጂ በደንብ ክፍተት አይደለም፣ ኩባንያው በ1983 ሲከስርም ይህን ማሽን እንደ ርስት ትቶ ነው የሄደው፣ አሁን ያማሃ ያላቸው ሰዎች በሜዳ ያላገኙትን በደንብ ለማግኘት ይፈልጋሉ ብሎ ጻፈ። 9ኛው መላሽ እርስዎ ማለቱን ትቶ አንተ ብሎ ያዘው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ምርጡን ማሽን ከማንኛውም ምድብ እየመረጠ ዋንጫ ይሰበስባል የሚል ክስ አቀረበ። በ10ኛው ምላሽ አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም በስም ሳይጠራ ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ጠየቀ። እኔ በነገሩ ፍሬ ከ7ኛዋ ጋር ነኝ። ማይኮ 490 ድንቅ ማሽን መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የሾክ ብዛት ሞተርሳይክሉ የሚችለውን አይናገርም፣ የጎማ ጉዞ ግን ይናገራል፤ የ1975ቱ ያማሃ በሜትር ቢለካ ከማይኮው እጅግ ያንሳል።

11ኛው ምላሽ ከድሮው ወደ ዘመኑ አሸጋገረን። የመላሹ መነሻ ቀላል የሜካኒክ እውነት ነው፤ ቱ ስትሮክ ሞተር ክራንኩ በዞረ ቁጥር ሲያቀጣጥል ፎር ስትሮክ በየሁለት ዙሩ አንዴ ያቀጣጥላል። ፎር ስትሮኮች ከባድና ዘገምተኛ በነበሩበት ዘመን ደንብ አውጪዎች ለማካካስ ብለው እጥፍ የሚጠጋ ሲሲ ፈቀዱላቸው። ያማሃ ያንን በር በዘመናዊ ሞተር ገባበት። ዳግ ሄንሪ በ1997 የላስ ቬጋሱን የሱፐርክሮስ (በስታዲየም የሚደረግ ሞቶክሮስ) ውድድር በሙከራ ላይ በነበረ 400 ሲሲ ፎር ስትሮክ አሸነፈ፤ በ1998 ማሽኑ ለገበያ ሲቀርብም በእሱ የአሜሪካን የ250 ምድብ የሜዳ ሻምፒዮና ወሰደ። በ2001 ያው ነገር በትንሹ ምድብ ተደገመ፤ የያማሃ 250 ፎር ስትሮክ ከ125 ቱ ስትሮክ ጋር በአንድ መነሻ መስመር ቆመ። ሆንዳ ከ2007 ሞዴል በኋላ የሞቶክሮስ ቱ ስትሮክ ማምረቱን አቆመ። መላሹ ይህን ሁሉ የአንድ ደንብ ስህተት ውጤት ነው ይላል።

12ኛው ሰው አልተስማማም፤ መረጃውም የሚናቅ አይደለም። ሪኪ ካርማይክል በ2002 በ250 ቱ ስትሮክ የአሜሪካ የሜዳ ሻምፒዮናን ሃያ አራቱንም ሩጫዎች አሸነፈ፤ በ2004 ደግሞ በ450 ፎር ስትሮክ ይህንኑ ደገመው። ስለዚህ ልዩነቱ ከሰውየው እንጂ ከሞተሩ አይደለም ይላል። 13ኛው ይህንን ሐሳብ ለመደገፍ፣ ጄምስ ስቱዋርት በዚያው በ2004 የ125 ምድብን በካዋሳኪ 125 ቱ ስትሮክ፣ እጥፍ ሲሲ ካላቸው ፎር ስትሮኮች መካከል እንዳሸነፈ ጨመረ። እኔ ግን ከእነዚህ ምሳሌዎች የምረዳው ተቃራኒውን ነው። ካርማይክል እና ስቱዋርት ከዘመናቸው ሰው ሁሉ የላቁ ነበሩ፤ ምድብ የሚሠራው ደግሞ ለእነሱ ሳይሆን በመሃል ለሚሮጠው ብዙኃን ነው። ከስቱዋርት በኋላ ያንን ምድብ በ125 ቱ ስትሮክ ያሸነፈ ሰው የለም።

14ኛው ምላሽ ከአንድ አባት ነው፤ የታዳጊ ልጁን ማሽን የሚጠግነው ራሱ ነው። ስለ ሻምፒዮኖቹ ምንም አላለም፤ ስለ ኪሱ ነው የጻፈው። በ125 ቱ ስትሮክ አዲስ ፒስተንና ቀለበት ገዝቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ በጋራዡ ወለል ላይ ገጥሞ ይጨርሳል። በ250 ፎር ስትሮክ ግን ቫልቭ፣ የካምሻፍት ሰንሰለትና ሌላም ብዙ ነገር አለ፤ ሞተሩ በሙሉ ዙር እየሮጠ ከተሰበረ ስብራቱ አንድ ቦታ አይቆምም፣ የጥገናው ዋጋም የቤት አስቤዛን ይነካል። ልጁ በቱ ስትሮክ እንዳይወዳደር ደግሞ እጥፍ ሲሲ ያለው ማሽን ከጎኑ ይቆማል። ይህ ሰው አልተቆጣም፣ ማንንም አልወቀሰም፤ የምድብ አከፋፈል የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ያሳየ ግን እሱ ብቻ ነው። ብዙ የአማተር ክለቦች 250 ቱ ስትሮክን ከ250 ፎር ስትሮክ ጋር በአንድ ምድብ መፍቀዳቸውን ነግሬዋለሁ፤ አካባቢው ያለው ክለብ ይፈቅድ እንደሆነ እንዲጠይቅ አደራ እላለሁ።

15ኛው ስለ ዓለም ሻምፒዮናው ስሞች አብራራ። ከ1957 ጀምሮ 500፣ ከ1962 ጀምሮ 250፣ ከ1975 ጀምሮ 125 እየተባለ በግልጽ ሲሲ ይጠራ የነበረው፣ በ2004 ኤምኤክስ 1፣ ኤምኤክስ 2 እና ኤምኤክስ 3 ሆነ፤ በ2014 ደግሞ የላይኛው ምድብ ኤምኤክስ ጂፒ ተባለ። በኤምኤክስ 2 ውስጥ ከ23 ዓመት በላይ የሆነ ተወዳዳሪ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የዘመኑም ውድድር ማሽንን ብቻ ሳይሆን ዕድሜን ይለካል። 16ኛው መላሽ ከዚህ ተነስቶ በአሜሪካ በ1993 ስለተዘጋው የ500 ቱ ስትሮክ ምድብ፣ ስለ ሮጀር ዴኮስተር አምስት የዓለም ዘውዶችም ጻፈ። 17ኛው ስለ ዘይትና ቤንዚን ድብልቅ ጠየቀ፤ ለእሱ ሌላ ክር አለ።

18ኛው ምላሽ አጭር ቢሆንም አሳስቦኛል። በ2021 የቀረበው ስታርክ ቫርግ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል እስከ 80 የፈረስ ጉልበት እንዳለው አምራቹ ይገልጻል፤ ሲሲ ግን የለውም፣ ጉልበቱም በስልክ ይስተካከላል። እስከ ዛሬ በሲሲ ስንከፍል የኖርን ሰዎች ይህን ማሽን የት እናስቀምጠው ይላል መላሹ። ማንም በቂ መልስ አልሰጠም። እኔ የምጨምረው በጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ ሳይለካ መስመር ላይ መቆም የለበትም የሚለውን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ትንሽ ክለብ አቅም የለውም።

በ19ኛው ምላሽ አንድ ወጣት ተወዳዳሪ ምሬቱን አፈሰሰ። ችሎታቸው የላይኛው ደረጃ የሆኑ ሰዎች ለዓመታት በመካከለኛው ደረጃ እየተመዘገቡ፣ ደግሞም በዕድሜ ምድብ እየገቡ በአንድ ቀን ሦስት ዋንጫ ይወስዳሉ፤ የዕድሜ ምድብ የሚባለው መደበቂያ ነው አለ። ቃሉ ከረረ፤ ሽማግሌዎችን ያሳነሰበት ሐረግም ነበረውና አወያዩ ሰረዘው። በ20ኛው ምላሽ 1ኛው መላሽ አባታችን ተመልሰው መጡ። ከ70 ዓመት በላይ በሚለው ምድብ እንደሚሮጡ፣ የሚሮጡትም በወደቁ ጊዜ ከኋላቸው የሚመጣው ሰው በእሳቸው ፍጥነት የሚመጣ እንዲሆን እንደሆነ አስረዱት። የደረጃ መደበቅን በተመለከተ ግን ወጣቱ እውነት አለው አሉ፤ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ሳይጠየቅ ወደ ላይ ይዛወር ሲሉም ሐሳብ ሰጡ። ወጣቱ ይቅርታ ጠይቋል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነበር፤ የዕድሜ ምድብ ለደኅንነት ነው፣ የደረጃ ምድብ ለፍትሕ ነው፣ አንዱ የሌላው መሸሸጊያ መሆን የለበትም።

21ኛው ምላሽ ከ7ኛዋ ጸሐፊ ነው፤ እስከ አሁን የቀረበው የተሟላ ሐሳብም እሱ ነው። የድሮው ሞቶክሮስ አራት ቤተሰብ ይኑረው ትላለች፤ ከባድ የድሮ ፎር ስትሮኮች፣ የኋላ ጎማ ጉዟቸው እስከ 4 ኢንች የሆነ፣ ከዚያ በላይ ሆነው የኢቮን ሦስት መስፈርቶች የሚያሟሉ፣ እና በውሃ የሚቀዘቅዙ ወይም የዲስክ ፍሬን ያላቸው። ዕድሜና ደረጃ በነጥብ አሰጣጥ ብቻ ይታዩ፤ በመነሻ መስመር ላይ ግን ሰው አንድ ላይ ይሰለፍ።

እኔ እስከ ሦስት አራተኛው እስማማለሁ። የማልስማማው በመጨረሻው ነው፤ ሜዳው ባዶ እንዳይመስል ብለን የ4 ኢንች እና የ12 ኢንች ማሽኖችን በአንድ ጊዜ ብንለቅ አደጋ እንጋብዛለን። ረጅሙ ከጉብታው ላይ በአየር ላይ ሲሻገር፣ አጭሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በመሬት ላይ ነው የሚወጣው፤ በማረፊያው ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ቤተሰቦቹ በየቡድናቸው ተራ በተራ፣ በመካከላቸው በቂ ክፍተት ተሰጥቶ መነሳት አለባቸው። ከዚህ ሌላ በሦስተኛው ቤተሰብ ውስጥ የ1975 ሞኖሾክና የ1981 ማይኮ እንደገና አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ 7ኛዋ ያነሳችው ቅሬታም አይፈታም። እኔ የምጠይቀው ያ ቤተሰብ በ9 ኢንች ላይ ለሁለት እንዲከፈል ነው። የ1976 እና የ1977 ማሽን ያላችሁ ሰዎች የኋላ ጎማችሁን በ6ኛው ምላሽ በተገለጸው መንገድ ለክታችሁ ቁጥሩን ከዚህ በታች ጻፉ፤ 9 ትክክለኛው መስመር መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከዚያ ነው።